ባዶ ቦታ፦ ከእንጨት ቤቴ ጀርባ ስላለው ረግረግ የያዝኩት ማስታወሻ

ኅዳር 9

ይህን ደብተር የጀመርኩት ተናድጄ ነው። ትናንት ለግብር ጉዳይ ወረፋ ይዤ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሰፈራችንን ፕላን አየሁ። ከእንጨት ሥራ ቤቴ ጀርባ ያለው ረግረግ ነጭ ሆኖ ተትቷል። መሐሉ ላይ «ባዶ ቦታ» ይላል። በዚያ ላይ ሁለት ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። «መንገድ» አሉኝ። ከአስፋልቱ ተነሥቶ፣ ረግረጉን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ፣ አሮጊቷን ሾላ ረግጧት ያልፋል።

መንገዱ እንዲቀር አልፈልግም። ክረምት ሲገባ እኛ ሰፈር ባጃጅ ዝር አይልም፤ ሳንቃ የማስገባው በሰው ትከሻ ነው። ያናደደኝ «ባዶ» የሚለው ቃል ነው። ዛሬ ጠዋት ጥርሴን እየፋቅሁ ጓሮ በር ላይ ስቆም ብቻ፣ ደንገሉ ውስጥ ሁለት ሳቢሳ፣ ሾላዋ ላይ ደግሞ እነዚያን ሲበሩ ክንፋቸው እንደ ወናፍ የሚተነፍስ ትልልቅ ጥቁር ወፎች አይቻለሁ። ግን «ባዶ አይደለም» ማለት ሌላ፣ ምን እንዳለበት ማሳየት ሌላ።

ሙያዬን ልናገር። ባሕር ዳር ውስጥ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁምሳጥን ስሠራ 18 ዓመቴ ነው። ዛፍ ሳይ መጀመሪያ የሚታየኝ ሳንቃ ነው። ዋንዛ ሳይማ ምራቄን እውጣለሁ። አሁን የዛፍ ጠበቃ ልሆን ነው ስላት ባለቤቴ የሳቀችው ሳቅ ገና አላለቀም።

ኅዳር 16

ቆጠራ ተጀመረ። አቆጣጠሩን ያሳየኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ አልጋ ሊያሠራ መጥቶ ነው የተዋወቅነው። እንደነገረኝ የውሃ ወፎች በየዓመቱ በብዙ አገር በአንድ ሰሞን ይቆጠራሉ፤ በእኛ ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ አካባቢ መሆኑ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ያን ጊዜ ተረጋግተው ይቀመጣሉ።

ደንቡ ቀላል ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት፣ እኩል ደቂቃ። ሦስት መቆሚያ መረጥኩ፤ አንዱ ጓሮዬ፣ አንዱ ከታች ቦዩ አፍ ላይ፣ አንዱ ሾላዋ ሥር። በእያንዳንዱ 10 ደቂቃ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እጀምራለሁ። ወፎቹ በመንጋ ሲሆኑ አንድ በአንድ አይቆጠሩም፤ 10 ትቆጥርና የዚያን ስፋት በዓይንህ ይዘህ በመንጋው ላይ ትደጋግመዋለህ። ይኸኛው ለአናጢ አዲስ ነገር አይደለም። ስንዝር መድገም ነው።

የዛሬው ውጤት፦ 17 ዓይነት፣ 112 ነፍስ። የቤት ዶሮ ሳይጨምር።

ኅዳር 29

የስም ችግር ገጠመኝ። ቁራን፣ ጭልፊትን፣ ዋኔን፣ ጥንብ አንሳን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ «ወፍ» ነው። ተማሪው የሚጠራልኝ ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሠፈር ውስጥ ሳወራው የባንክ ብድር ፎርም የማነብ ይመስላል።

መፍትሔው ከልጆች መጣ። ወንጭፍ ይዘው ሾላዋ ሥር የሚውሉ አራት ልጆች አሉ። ልቆጣቸው ሄጄ የሚያዩትን ሳይ ዓይናቸው ከእኔ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ያን ትልቁን ጥቁር ወፍ፣ መንቁሩ ላይ ሌላ መንቁር የተደረበበት የሚመስለውን፣ «ባለቆብ» ነው የሚሉት። በመጽሐፉ ሲልቨሪ ቺክድ ሆርንቢል ይባላል። ባለቆብ ይሻላል። ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል እንደ ንግሥት የምትራመደውን፣ ጣቷ ከእግሯ የሚረዝመውን ጃካና ደግሞ «ባለ ረጅም ጫማ» ብለዋታል።

ወንጭፉን አልቀማኋቸውም። ከመካከላቸው አንዱ፣ ትንሹ፣ እርሳስ ስሰጠው ወንጭፉን ራሱ ኪሱ ከተተው። ሌሎቹ አሁንም ይወነጭፋሉ። እየተሻሻለ ነው፤ አሁን ኢላማቸው የእኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው።

ታኅሣሥ 13

ዛሬ ወፍ ሳይሆን ውሃ ለካሁ። ሐሳቡ የመጣው ሾላዋን ሳይ ነው። ግንዷ ላይ ክረምቱ ጥሎት የሄደ የጭቃ መስመር አለ፤ ከታች የነበረው አጥር ላይም አለ፤ በጎረቤቴ ቤት የመሠረት ድንጋይ ላይም አለ። ያ መስመር ውሃው ሞልቶ የቆመበት ከፍታ ነው።

የውሃ ልክ ጎማዬን አወጣሁ። ቀጭን፣ ውስጡ የሚታይ ጎማ ውሃ ሞልተህ ሁለቱን ጫፍ ስታነሣ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል፤ መስኮት የምናስተካክለው በእሱ ነው። ትንሹ ልጅ አንዱን ጫፍ የጭቃው መስመር ላይ ይዞ፣ እኔ ሌላውን ይዤ ረግረጉ ውስጥ 22 ቦታ ችካል ተከልኩ። ከመስመሩ እስከ መሬቱ ያለውን በሜትር ለካሁ። አንዳንዱ 15 ሳንቲም፣ ቦዩ አፍ ላይ 80። አማካዩ 40 ሆነ። ረግረጉ በግምት 140 በ60 ሜትር ነው። ስለዚህ ክረምት ላይ 3,360 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል።

ይህ ቁጥር ለማንም ምንም አይለውም። በቦቴ አሰብኩት። አንድ ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ። 336 ቦቴ! ይህን ለባለቤቴ ስነግራት መጀመሪያ ያለችው «ታዲያ ሲደለደል ያ ሁሉ ውሃ ማን ቤት ሊያድር ነው?» ነው። ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ሆኜ ስመለስ ያልሳቀችበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

ታኅሣሥ 20

እትዬ ቡና ላይ ጠሩኝ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ቃላቸው ይሰማል። እሳቸው ካልተስማሙ፣ ስለ መንገዱ ልናስገባው ባሰብነው ደብዳቤ ላይ ብዙ ሰው አይፈርምም።

«አንተ ረግረግ ይቆይ የምትለው፣ የወባውን መድኃኒት አንተ ትገዛልኛለህ?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ባሕር ዳር ወባ አለ፤ ልጃቸው አምና ታማ ነበር። ይህን ጥያቄ በሳቅ ማለፍ አይቻልም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ለመንኳትና መጣች። እሷ እንዳብራራችው፣ አገራችን ውስጥ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ትንንሽ፣ ተክል ያልሸፈነውን ኩሬ ነው። የመኪና ጎማ የቆፈረው፣ ጡብ ለመሥራት የተማሰው፣ የከብት ኮቴ የረገጠው። ደንገልና ፊላ የሸፈነው፣ ዓሣና የውሃ ነፍሳት ያሉበት ውሃ ለትንኟ ያን ያህል አይመቻትም። ግን ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ጉድጓዶች መደፈን አለባቸው፤ አጎበሩም መዘርጋት አለበት። አላጋነነችም። እትዬም አልተሸነፉም። «ጉድጓዱን ድፈኑና እናያለን» አሉ፤ ሦስተኛውን ሳይጠጡ ተነሡ።

ሦስት ቀን ዳር ዳሩን ጉድጓድ ስንደፍን ዋልን። እኔ፣ ተማሪው፣ ሁለት የእንጨት ቤቴ ልጆች።

ጥር 6

የጥር ቆጠራ። ከፍተኛው ነው፦ 41 ዓይነት፣ 386 ነፍስ። ጋጋኖ፣ የዱር ዳክዬ፣ ሁለት ዓይነት ዓሣ አጥማጅ፤ አንዱ ጥቁርና ነጭ ሆኖ አየር ላይ እየተርገበገበ ቆሞ የሚወርድ፣ ሌላው አውራ ጣቴን የምታክል ሰማያዊና ቀይ ብልጭታ። ቄራ በኩል የመጡ ሦስት ጥንብ አንሳዎች ሾላዋ ጫፍ ላይ አርፈው ነበር። እነዚህ ራሰ በራዎቹ፣ ትንንሾቹ፣ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት መዝገብ ውስጥ ናቸው። እኛ ከተማ ውስጥ በየቄራው ስለምናያቸው እንደ ቁራ የበዙ ይመስሉናል።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ሁለት ዘውድ የደፉ ረጃጅም ወፎች ወርደው ለአንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። የወርቅ ጭራሮ የመሰለ ዘውድ፣ ጉንጫቸው ነጭና ቀይ። ማንም ያልተነፈሰበት አንድ ሰዓት ነው። ጋሪ የሚነዳው ሰውዬ እንኳን አህያውን አቁሞ አየ።

ጥር 17

ከጥምቀት በኋላ ደብዳቤውን አስገባን። 63 ፊርማ። እትዬ አልፈረሙም፤ ግን «አትፈርሙ» ብለውም አልቀሰቀሱም፤ ለእኔ ይህም ትልቅ ነው።

ደብዳቤው ሦስት ነገር ነው የጠየቀው። አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተሠርቶ ከሆነ እንድናየው። ሁለተኛ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ እንዲመክርና ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ስለሚሰጠው፣ እንድንጠራ። ሦስተኛ፣ መንገዱ ወደ ላይ፣ ወደ ደረቁ ጠርዝ እንዲሸሽ። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡንም ጻፍን።

የተቀበለን ሰው ጨዋ ነው። ቡና ይጠጡ ብሎናል። ግን ወረቀቱን ሲያነብ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «እዚህ ሁለት ክሬን ታይቷል ይላል። ክሬኑ የማን ነው? የሥራ ፈቃድ አለው?»

ተማሪው ያችን ባለዘውድ ወፍ በእንግሊዝኛ ስሟ «ክሬን» ብሎ ጽፏት ኖሯል። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። ተማሪው ግን እስከ ጆሮው ቀልቶ «ወፍ ናት» አለ። ሰውዬውም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ሳቁን ሳይጨርስ «እኛ ለወፍ ብለን መንገድ አናቆምም» አለና ማኅተም መታበት። ቀጠሮ ለየካቲት።

«ይህ ደግሞ ሐይቁ አይደለም፣ ሐይቁ ወዲያ ነው» የሚልም ነገር ተናግሯል። ልክ ነው፣ ሐይቁ ወዲያ ነው። የእኛ ቦይ የሚሄደው ግን እዚያው ነው፤ ሠፈሩ ያጠበውን፣ የደፋውን ሁሉ ይዞ። ደንገሉ ላይ ሳይደርስ የሚሄደውን ውሃና ደንገሉን አልፎ የሚሄደውን በሁለት ብርጭቆ ቀድቼ ላሳየው አስቤያለሁ።

የካቲት 12

ሌሊት ሦስት ሲኖ ገረጋንቲ ተደፋብን። ጠዋት ስወጣ ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ ረግረጉ ቀይ ሆኗል። ደንገሉ ከሥሩ ተጨፍልቆ ጫፉ ብቻ ከድንጋዩ መሐል ወጥቶ ቆሟል።

ማን አዘዘ? ሦስት ጠረጴዛ ዞርኩ። አንዱ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው «የእኛ አይደለም፣ የመጀመሪያው ቢሮ ነው»። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይባላል። ጣና ላይ ያለው አረም ይህን ስም ማግኘቱ አንዳንዴ ትንቢት ይመስለኛል።

ማታ ላይ አራተኛው መኪና መጣ። ሹፌሩ ልጅ ነው፣ ምናልባት 25 ዓመት። መብራት አብርቼ ፊቱ ቆምኩ። «ጋሼ፣ እኔ ባዶ ቦታ ነው ተብዬ ነው» አለኝ። አልዋሸም። ፕላኑ ላይ እንደዚያ ነዋ የሚለው። ሻይ አጠጣሁትና ወደ ኋላ ተመለሰ። የት እንደደፋው አላውቅም። ይህ አሁንም ይከነክነኛል።

የካቲት 18

አጥር ሠራን። ቀርከሃው የመጣው ከእንጅባራ በኩል ነው፤ አይሱዙ ጫኝ የሆነ ደንበኛዬ ሲመጣ እግረ መንገዱን ጫነልኝ። ጠላት የሚያስቆም አጥር አይደለም። ሲኖ ሹፌር ግን ወርዶ ማንሣት አለበት፤ ሲወርድ ደግሞ ሰው ያየዋል።

ሰሌዳውን በተመለከተ ብዙ አሰብኩ። «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሥር ምን እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከተረፈ ሳንቃ ጥቁር ሰሌዳ ሠራሁ፣ እንደ ትምህርት ቤት። ከላይ በቀለም «ይህ ቦታ ባዶ አይደለም። ዛሬ ጠዋት የተቆጠሩ ወፎች» ብዬ ጻፍኩ። ከታች ክፍት ነው፤ በየቀኑ በጠመኔ ቁጥር ይሞላል። ትንሹ ልጅ ነው የሚሞላው።

በአራተኛው ቀን ልጁ አረፈደ። ወደ ገበያ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ሰሌዳው ፊት ቆመው «ዛሬ ስንት ሆነ?» ብለው ጠሩኝ።

የካቲት 23

ዛሬ ያየሁትን እንዳይጠፋብኝ በዝርዝር ልጻፈው።

ሾላዋ ላይ፣ ከመሬት 12 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የድሮ ቅርንጫፍ ተሰብሮ የበሰበሰበት ጎሬ አለ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ባለቆቦቹ ጥንድ ሆነው እየተመላለሱ ነበር። ዛሬ ሴቷ ውስጥ ገብታለች። ወንዱ ከቦዩ ዳር ወርዶ ጭቃ ይውጣል፤ እውነቴን ነው፣ ይውጣል። ከዚያ ወጥቶ ጎሬው አፍ ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን እየነቀነቀ ጭቃውን እንክብል እንክብል አድርጎ ያወጣና በመንቁሩ ጫፍ ያቀብላታል። እሷ ከውስጥ ሆና በመንቁሯ ጎን እየመታች ትለስናለች። በሯን በራሷ ላይ ትለስናለች! እኔ 18 ዓመት በር ስሠራ እንዲህ ያለ አላየሁም።

ሲጨርሱ የቀረው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ነው። መንቁሯ ብቻ ይወጣበታል። ተማሪው እንዳለው እንቁላሏን ጥላ፣ ታቅፋ፣ ጫጩቷን አሳድጋ እስክትወጣ ድረስ ለወራት እዚያ ውስጥ ነች። ወንዱ ነው የሚቀልባት። ማታ ላይ ሲመጣ በጉሮሮው 14 የሾላ ፍሬ ቆጠርኩ፤ አንድ በአንድ እያወጣ፣ በስንጥቁ አንድ በአንድ።

ይህን ለእትዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ሾላዋ ሥር ድረስ መጡ፤ ጎሬውን ቀና ብለው አዩ።

«አራስ ናት እኮ» አሉ። «አራስ ያለችበትን ቤት የሚያፈርስ ማን ነው?»

የካቲት 24

እትዬ ፈረሙ። ከእሳቸው በኋላ 48 ሰው። እኔ በሦስት ወር ቁጥር ያላመጣሁትን እሳቸው በአንድ ቃል በአንድ ቀን አመጡት። ከአሁን ጀምሮ ሠፈሩ ውስጥ ባለቆቧ «አራሷ» ሆናለች። ሰው ሲገናኝ «አራሷ እንዴት አደረች?» ይባባላል። አንድ አባወራ «እንዲህ ዓይነት ባል ከየት ይገኛል» እየተባለ መከራውን እያየ ነው።

ሚያዝያ 7

ጥፋታችንን መጻፍ አለብኝ፤ ደብተሩ ለዚህ ነው።

የጽዳት ቀን አወጣን። 40 ወጣት መጣ፣ ደስ አለን። ፕላስቲክ፣ ጫማ፣ የተሰበረ ወንበር (አንዱ የእኔ ሥራ ነው፣ አወቅሁት) ወጣ። እኔ ከላይ ገረጋንቲው ጋ ነበርኩ። ከታች ያሉት ልጆች ግን ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን አረንጓዴ ሁሉ እምቦጭ መስሏቸው እየጎተቱ ያወጣሉ። እንዳልፈርድባቸው፣ እምቦጭ ጣና ላይ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሙት አንድ ነገር ነው፦ ውሃ ላይ ያለ አረንጓዴ ጠላት ነው። ያወጡት ግን እምቦጭ አይደለም። የውሃ አበባ ነው፣ ፊላም አለበት።

ከተቆለለው ላይ ትንሹ ልጅ አንድ ነገር አንሥቶ መጣ። የጃካና እንቁላል። ቡናማ፣ የሚያንጸባርቅ፣ ላዩ ላይ በጥቁር ቀለም ሕፃን የሞነጫጨረው የሚመስል። አራት ነበሩ፤ ሦስቱ ተሰብረዋል። ጎጆዋ ቅጠል ላይ የሚንሳፈፍ ስለሆነ አብሮ ወጥቷል። አራተኛውን ወደ ውሃው ቅጠል መለስነው። ማታ ድረስ ጠበቅን። አልተመለሱበትም።

የሚታቀፈው ደግሞ አባትየው ነው፤ የጃካና ሴት ጥላ ትሄዳለች። አባትየው ከሰዓቱን ሙሉ እዚያች ባዶ ውሃ ላይ ሲዞር ዋለ። ባዶ ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ ዛሬ።

ሚያዝያ 8

ለቀጣዩ ጽዳት ደንብ፦ ውሃ ውስጥ የሚገባ የለም። ዳር ብቻ። እምቦጭ ምን እንደሚመስል ሥዕል ይለጠፋል፤ ግንዱ ያበጠ ፊኛ የመሰለ፣ አበባው ወይን ጠጅ። ይሄ ብቻ።

ግንቦት 18

ሁለት ቀጠሮ ከተሠረዘ በኋላ ጉዳያችንን የሚያየው ኮሚቴ ለዓይን ጉብኝት መጣ። አምስት ሰው፣ አንዷ መሐንዲስ። እኔ ንግግር ተዘጋጅቼ ነበር። ተማሪው በጎን «ስለ ወፍ አትጀምር» አለኝ። እኔም ከቦቴ ጀመርኩ።

ችካሎቹን አሳየሁ፣ የጭቃውን መስመር አሳየሁ፣ ጎማውን ዘረጋሁ። «ክረምት ላይ 336 ቦቴ ውሃ እዚህ ይቆማል። ሦስት ሲኖ ገረጋንቲ ብቻ ነው እስካሁን የገባው። ሙሉውን ብትደለድሉት ውሃው ወደ ላይ አይሄድም፤ ወደ ታች 19 ቤት አለ።» መሐንዲሷ ዝም ብላ አስተካክላ ለካች። ራሷ ጎማውን ያዘች። ቁጥሬን በ200 ሜትር ኩብ ቀነሰችው፤ ጠርዙ ላይ ተሳስቼ ነበር። አልተከራከርኳትም፤ ሙያ ነው።

ከዚያ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከታች ሠፈር የመጡ አዛውንት ሳይጠሩ ገቡበት። ክረምት ሲገባ አምባዛ በቦዩ ሽቅብ እየወጣ እዚህ ረግረግ ውስጥ እንደሚራባ፣ ልጅ ሳሉ በቅርጫት ይይዙት እንደነበር አወሩ። እትዬ ደግሞ አራሷን አሳዩአቸው። በዚያች ቅጽበት ወንዱ መጣ። ክንፉ እንደዚያ እየነፈሰ። ሁሉም ቀና አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያዘ። ስለ ወፍ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ሰኔ 6

ዝናቡ ዘንድሮ በኃይል ጀመረ። ሌሊት ለሁለት ሰዓት ወረደ። ገረጋንቲው ከተደፋበት በታች ያለ አንድ ቤት ውሃ ገባበት፤ ከዚህ በፊት ገብቶበት አያውቅም። ምንጣፍ ስናወጣ ነጋ። የተቀረው ረግረግ ሞልቶ ቆሟል፤ ችካሉ ላይ ለካሁት፣ 23 ሳንቲም፣ አልፈሰሰም።

ፎቶ አንሥቼ ለመሐንዲሷ ላክሁላት። «አይቻለሁ» ብላ መለሰች። ከዚህ ሌላ ምንም አላለችም።

ሰኔ 19

አዲሱ ፕላን ተለጠፈ። ያው ግድግዳ፣ ያው ቦታ። መንገዱ 11 ሜትር ወደ ላይ ሸሽቷል፤ የሚያልፈው አስቀድሞ ገረጋንቲ በተደፋበት ጠርዝ ላይ ነው። ከረግረጉ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው፤ አይመለስም። ሾላዋ ተርፋለች፣ ግን አዲሱ ቦይ ከሥሯ 3 ሜትር ነው የሚያልፈው። ሲቆፍሩ በማሽን ሳይሆን በእጅ እንዲሆን ልለምን ነው፤ ሥሯ ከተቆረጠ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን እንደገደላት አይታወቅም።

ቀሪው ቦታ ላይ «ባዶ ቦታ» የሚለው ተሠርዟል። ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የጎርፍ ውሃ ማቆያ» ይላል።

ተማሪው ቅር ብሎታል። «ስለ ወፎቹ አንድ ቃል የለም» አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን አናጢ ነኝ፤ ደንበኛ ሣጥኑን የምግብ ማስቀመጫ ቢለው የልብስ፣ እስከቆመ ድረስ ግድ የለኝም። ለጊዜው በጎርፍ ስም ይደሩ።

ሰኔ 21

118ኛው ቀን። አራሷ ወጣች። ጠዋት 12 ሰዓት ከ40 ላይ ከውስጥ መደብደብ ተሰማ፤ ትንሹ ልጅ ነው የሰማው። የጭቃው በር ከጠርዙ እየተፈረፈረ ወደቀ። መጀመሪያ እሷ ወጣች፣ ላባዋ የተበላሸ፣ የደከማት። ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ክንፏን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ደግማ ዘረጋች። ወንዱ ከጎኗ መጥቶ አረፈ። እኛ ከታች ስምንት ሰው ነበርን፤ እትዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው እንዳያስደነግጧት ብለው ተዉት። ጫጩቷ ገና ውስጥ ነች፤ አንድ ነገር በስንጥቁ ቁልጭ ቁልጭ ይላል።

ከወደቀው ጭቃ አንድ ስባሪ አንሥቼ እንጨት ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከማጠፊያና ከቁልፍ ጎን አስቀመጥኩት። እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል። ውስጡ የሾላ ፍሬ ዘር ሞልቶበታል።

ሰሌዳው ላይ የዛሬው ቁጥር፦ 29 ዓይነት፣ 143 ነፍስ። ልጁ ከሥሩ በራሱ ፈቃድ «አራሷ ወጥታለች» ብሎ ጨምሮበታል። ጠመኔ አልቋል፤ ነገ ከገበያ መግዛት አለብኝ።